በኤቲቪ በረዶ ሲጠረግ የጎማ ሰንሰለት እንዴት እንደሚታሰር

ኤቲቪ የሚባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ከፊቱ የብረት መግፊያ ታስሮለት በረዶ ሲጠርግ የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ ጉልበት አጥቶ አይደለም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ባለበት ይሽከረከራል። ሲሽከረከር ከሥሩ ያለውን በረዶ ይለሰልሰዋል፣ የቀለጠውም መልሶ ይረጋና መስታወት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል እንጂ ማሽኑ ፈቀቅ አይልም። ሰንሰለት ለሞተሩ አንድም ጉልበት አይጨምርለትም። የማሽኑን ክብደት በጥቂት ብረቶች ላይ ሰብስቦ በረዶውን እንዲነክስ ያደርገዋል፤ ሥራው ይኸው ነው።

በደልዳላ መሬት ላይ የወረደ ስስና ደረቅ በረዶ ያለ ሰንሰለትም ይገፋል። ዳገት፣ እርጥብና ከባድ በረዶ ወይም ከሥር የረጋ ግግር ካለ ግን ሳይታሰር መጀመር ድካም ብቻ ነው።

ከመግዛት በፊት የጎማውን ጎን ያንብቡ። 25×8-12 የሚል ጽሑፍ ቢያገኙ ጎማው ከዳር እስከ ዳር 25 ኢንች፣ ስፋቱ 8 ኢንች፣ ቸርኬው ደግሞ 12 ኢንች ነው ማለት ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋት ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ሁለቱንም ይመልከቱ። ጎማው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ከመመሪያው ይልቅ ጎማው ላይ የተጻፈውን ይመኑ።

በብዛት የሚገኘው ዓይነት መሰላል ይመስላል፤ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች በጎን፣ አጫጭር አግዳሚዎች በመካከል። አግዳሚዎቹ በየሁለት ዘለበቱ (ማለትም በየሁለት የሰንሰለቱ ቀለበት) ወይም በየአራት ዘለበቱ ይደረደራሉ። የኤቲቪ ጎማ ጥርሱ ትልልቅ በመሆኑ ራቅ ራቅ ብለው የተደረደሩት አግዳሚዎች በጥርሶቹ መካከል ይሰምጣሉ። ስለዚህ እኔ በየሁለት ዘለበቱ የተሠራውን እመርጣለሁ፤ ከበድ ቢልም አነዳዱ አያንገጫግጭም። ግግር በረዶ ለሚበዛበት ቦታ አግዳሚው ላይ ሹል ብረት የተበየደበት ይሻላል። በአልማዝ ቅርጽ የተጠላለፈው ደግሞ ወደ ጎን መንሸራተትን በደንብ ይቋቋማል።

የትኛው ጎማ ላይ? ማሽኑ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ጥያቄ የለውም፣ ኋላ ላይ ነው። በአራቱም የሚነዳ ሆኖ አንድ ጥንድ ብቻ ካለዎትም ከኋላ ይጀምሩ። ፊት ላይ ብቻ ከታሰረ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የፊቱ ነክሶ ይቀርና ጅራቱ ዞሮ ይቀድማል። አራቱም ላይ ማሰር የበለጠ ነው፤ መግፊያው ወደ ጎን ሲታጠፍ በረዶው አፍንጫውን ስለሚገፋው፣ የፊት ሰንሰለት መሪውን ያስከብራል። አንዳንድ አምራቾች ግን ፊት ላይ ማሰርን ስለሚከለክሉ የማሽኑን መመሪያ አስቀድሞ ማየት ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ማሰሩ እንግባ። ደልዳላና ጠንካራ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ሥር ድጋፍ ያድርጉ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግተው ጥምዝምዙን አንድ በአንድ ይፍቱ፤ እዚህ ላይ የተቻኮለ ሰው ግማሽ መንገድ ታስሮ ሲያልቅ መልሶ ይፈታል። ጎማውን በክሪክ ከመሬት ያንሱትና ሰንሰለቱን ዙሪያውን ያልብሱት። የመንጠቆዎቹ አፍና የተበየዱት ሹል ብረቶች ወደ ውጭ ይዙሩ፤ ወደ ውስጥ ከዞሩ ጎማውን ይበሉታል። በመጀመሪያ የውስጡን ጎን፣ ቀጥሎ የውጩን፣ እጅዎ በቻለው መጠን ስበው በቅርቡ ዘለበት ላይ ይቆልፉ።

ከሁሉ የሚጠቅመኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ከማሰሬ በፊት የጎማውን አየር እቀንሳለሁ፣ ካሰርኩ በኋላ መልሼ እነፋዋለሁ። ጎማው ሲያብጥ ሰንሰለቱን ከውስጥ ይወጥረዋል። አየሩ ሳይሞላ ግን ማሽኑን ከክሪክ ማውረድ የለብዎትም፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። የብዙ ኤቲቪ ጎማ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ብቻ ስለሚይዝ የመኪና አየር መለኪያ በትክክል አያነብበውም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ይያዙ።

የተረፉትን ዘለበቶች ይቁረጡ ወይም በሽቦ ጠፍረው ያስሩ። አንድ ክረምት ሦስት ዘለበት ተንጠልጥሎ ትቼ፣ ገና ግቢው ሳይጋመስ ፓራፋንጎውን ቀጥቅጦ ሰነጠቀው። ከዚያ ሌላ ሰው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ መሪውን ዳር እስከ ዳር ያዙርልዎ፤ እርስዎ ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱ የፍሬን ቱቦውን፣ የመሪውን ዘንግ ወይም የመግፊያውን ማሰሪያ እንደማይነካ ይመልከቱ። ሰው ሲቀመጥበት አካሉ ዝቅ ስለሚል፣ ባዶውን ሳለ የነበረው ክፍተት ያታልላል።

ሠላሳ ሜትር ያህል በቀስታ ነድተው ያቁሙና እንደገና ያጥብቁ። ይህችን የሚዘልል ብዙ ነው፤ ሰንሰለት ግን ቦታውን የሚይዘው ከተነዳ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያው ጥብቀት ሁልጊዜ ይላላል። የጎማ ላስቲክ መወጠሪያ ቢጨመርበት መልካም ነው፣ በልኩ ያልተገዛ ሰንሰለትን ግን አያስተካክልም።

ሲጠርጉ ዝቅተኛ ማርሽ ይጠቀሙ፣ ከሰው እርምጃ ብዙም አይፍጠኑ። በረዶው እስኪቆለል ከመጠበቅ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ሲደርስ መጀመር ይቀልላል። መጀመሪያ መካከሉን በቀጥታ ይክፈቱ፣ ከዚያ መግፊያውን አጥፈው ወደ ዳር ያውጡ። ክረምቱ ረጅም ከሆነ የመጀመሪያውን ክምር አርቀው ይግፉ፣ አለበለዚያ መንገዱ በየሳምንቱ ይጠብባል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰንሰለት ከመታሰሩ በፊት ክምር ሲገጥመው ጎማው እየተንሸራተተ ማሽኑን ያድነው ነበር። አሁን ጎማው አይንሸራተትም፤ ጫናው የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ ወደሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ ወደ ዘንጎቹና ወደ መግፊያው ማሰሪያ ይሄዳል። ስለዚህ ክምርን በሩጫ መምታት ይቅር፤ እየቆረሱ ይግፉት። በረዶ የሸፈነው የመንገድ ጠርዝ ቢያቆምዎ በመሪው ላይ ሊወረውርዎ ስለሚችል የራስ ቁር ያድርጉ። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረም ወዲያው ነዳጁን ይልቀቁና ወደ ኋላ ይመለሱ።

በረዶው ተጠርጎ አስፋልቱ ወይም ሲሚንቶው ከታየ በሰንሰለት እየተመላለሱ አይቆዩ፤ መሬቱ ይቧጨራል፣ ሰንሰለቱም ያልቃል። ወቅቱ ሲያልፍ ጨውን በውኃ ያጥቡ፣ አድርቀው ዘይት ይቀቡና ይስቀሉት። ውፍረቱ በግማሽ ያለቀ አግዳሚ ካገኙ ያን ጊዜውኑ ይቀይሩት፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚበጠሰው እሱ ነው።