«ቀጭ» ብሎ ዝም፦ የሚከሽፍ ሪቮልቨር ስትጠግኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዱ ተለማማጅ ሽጉጥ ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። «ጋሼ፣ ሞላው ደክሟል። ልቀይረው?» አለኝ። «ቀለሃውን አየኸው?» አልኩት። ዝም አለ። ጥሎታል። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የማወራው በየተኩሱ መዶሻውን በአውራ ጣት ስቦ ማቀባበል ግድ ስለሚለው ሪቮልቨር ነው። የምላጩ ሥራ አንድ ነው፤ የተቀባበለውን መዶሻ መልቀቅ። መዶሻው በሞላው ጉልበት ይወርዳል፣ መርፌው በቀለሃው ቂጥ መሃል ያለችውን ካፕሱል ይመታል፣ ካፕሱሏ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። ምቱ ከደከመ «ቀጭ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ከሸፈ። የመሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ ፈቃድ የሌለው ሰው ካቻቢቴውን አስቀምጦ ለባለሙያ ይስጥ።

ሲከሽፍ ወዲያው ደግሞ ማቀባበል

ይህኛው ስህተት ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ በአጭሩ። አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይተኩሳል። ሪቮልቨር ላይ መዶሻውን ስትስቡ ጥይቶቹን የያዘው ከበሮ ይዞራል፣ የከሸፈችው ጥይት ከበርሜሉ ጋር ትይዩ መሆኗ ይቀራል። እዚያ ሆና ብትፈነዳ መውጫ የላትም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ።

ቀለሃውን ሳያዩ ብሎን መፍታት

የከሸፈችው ጥይት ሐኪም ዘንድ እንደሚወሰድ ራጅ ናት። እኔ አጉሊ መነጽሬን የገዛሁት ፒያሳ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከማንኛውም መሣሪያዬ በላይ የሠራሁበት እሱ ነው። ካፕሱሏን ተመልከቱ። ጉድጓዷ መሃል ላይ ሆና ጥልቀት ከሌላት ምቱ ደክሟል። ወደ ጎን ካፈነገጠች ከበሮው ቦታው ላይ በትክክል እየቆመ አይደለም፤ ሞላ ብትቀይሩ አንድም ነገር አይሻሻልም። ጉድጓዷ መሃል ላይና ጥልቅ ሆና ግን ካልተኮሰች? ሽጉጡን ተዉት። ጥይቱ ነው ያረጀው ወይም እርጥበት የገባው። በሁለተኛው ምት የምትተኩስ ከሆነ ደግሞ ካፕሱሏ መጀመሪያውኑ ጥግ ድረስ አልገባችም ይሆናል። የመጀመሪያው ምት ጉልበት እሷን ወደ ውስጥ በመግፋት አለቀ።

ይህን ሁሉ የምታዩት በአንድ ደቂቃ ነው። ልጆቹ ግን ብሎን መፍታት ይወዳሉ።

ዘይት፣ ዘይት፣ አሁንም ዘይት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ከነወረቀታቸው የአባታቸውን ሪቮልቨር ይዘው መጡ። ከአምስት ጥይት ሦስቱ ይከሽፋል። ሽጉጧ ከውጭ ስትታይ ታበራለች። መዶሻውን ስቤ፣ በጣቴ እንደያዝኩ ቀስ ብዬ ስለቀው እንደ እንቅልፋም ሰው እየተጎተተ ወረደ።

«አባባ፣ በምንድን ነው የሚቀቧት?»

«በየዓመቱ ለመስቀል እቀባታለሁ፣ ልጄ። በንጹህ የኑግ ዘይት! ባለቤቴ ናት ከመጭመቂያ ቤት የምታስመጣው።»

የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቃል። የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ የሚጋገረውን ቡናማ ሙጫ አይታችሁ የለ? የዓመታት መስቀል መዶሻው በሚወርድበት ቦይ ውስጥ እንደዚያ ተጋግሮ ነበር። ሞላው ደህና ነው። ጉልበቱን ግን ሙጫው ይበላዋል፤ መርፌው ጋ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። ፈታሁት፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ቦዩን በወይራ መፋቂያ ፋቅሁት። ብረት ብረትን ይቧጭራል፣ እንጨት አይቧጭርም። የወጣው ነገር እንደ ጠንካራ ካራሜላ ነበር።

ግሪስ የሚጠቀጥቁትም ያው ናቸው። በበጋ ቀን ይሠራል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ግን ግሪሱ ይወፍራል፣ መዶሻው ይዘገያል፣ ሽጉጡን የያዘው ዘበኛ ደንግጦ ይመጣል። ከዚያ አቧራ ሲጨመርበት ጭቃ ነው። የሚያስፈልገው መዶሻው የሚዞርበት ብሎን ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት ነው። አንድ! ከዚያም ይጠረጋል። ሰው ግን እንደ ሰላጣ ነው የሚያጠጣው። ካፕሱሏ ውስጥ ዘልቆ ከገባ ራሱ ዘይቱ ጥይቱን እንደሚያከሽፍ ስነግራቸው ደግሞ ያላገጥኩ ይመስላቸዋል።

ሞላ መሞረድ

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አለቃዬ «ይቺ ሽጉጥ ለማቀባበል ከበደች» አሉኝ። የሪቮልቨሯን ዝርግ ሞላ በሞረድ አሳሳሁት። እንደ ቅቤ ለሰለሰ። አለቃዬ ተደሰቱ፣ እኔም ኮራሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ዓይነት ጥይት መጣ፣ ካፕሱሉ ጠንከር ያለ። ከስድስት አራቱ ከሸፈ። ይባስ ብሎ የሞረድኩት ወደ ጎን ነበር፤ የሞረዱ ጭረት በሞላው ወርድ ላይ ቀረ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንደዚያ ዓይነት ጭረት ነው። አንድ ቀን ሞላው ለሁለት ተሰበረ። አለቃዬ አልተናገሩኝም፤ የተሰበረውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ከምናለሽ ተራ በተገኘ የመጋዝ ብረት ሞላ ቀርጸው የሚያመጡልኝ አሉ። እጃቸውን አደንቃለሁ፣ ሞላውን አልቀበልም።

ሞላው ደክሟል ከማለታችሁ በፊት ደግሞ የእጀታውን ብሎኖች አጥብቁ። እ.ኤ.አ. በ1873 በወጣው የኮልት ሪቮልቨርና በእሱ አምሳል በተሠሩት ላይ ዝርጉ ሞላ የታሰረው እጀታው ውስጥ ነው። ብሎኑ ከላላ ሞላውም ይላላል። ስንቱ «የደከመ» ሞላ በሩብ ዙር ካቻቢቴ ጤናው ተመልሷል!

የሚፋተግ መዶሻ

መዶሻውን ስታወጡ ጎኑን ወደ ብርሃን አዙሩት። አንድ ጎን ላይ ብቻ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ እየተፋተገ ነው የሚወርደው። ምቱን የሚያደክመው ይኸው ነው።

ከበሮውን አለመነቅነቅ

ባዶ መሆኑን ሁለቴ ካረጋገጣችሁ በኋላ ከበሮውን በጣታችሁ ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ሲሄድና ሲመጣ በግልጽ ከተሰማችሁ መርፌው ጥይቱን ከመውጋቱ በፊት ከበሮውን ወደፊት ይገፋል። አየር የመምታት ያህል ነው። ክፍተቱን መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት በሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች መለካት ይቻላል።

መርፌ ማሾል

«በደንብ ይውጋ» ብለው እንደ ወስፌ ያሾሉታል። ሹል መርፌ ካፕሱሉን ይበሳና እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊታችሁ ይመጣል። ጫፉ እንደ ምስር ድብልብል መሆን አለበት። አጥሮ ከሆነ ይቀየራል እንጂ አይሳልም። አዲሶቹ ሪቮልቨሮች ላይ ደግሞ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ በተሠሩት የሩገር ሪቮልቨሮች፣ በመዶሻውና በመርፌው መካከል ምቱን የሚያቀብል ዘንግ አለ። የመዶሻውን ፊት ከነካካችሁ ምቱ በትክክል አይተላለፍም፤ አትንኩት።

ጥገናውን በጥይት መፈተሽ

መሃል ከተማ ላይ! ጎረቤት አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። እኔ የምጠቀመው ባለ ላጲስ እርሳስ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ አቀባብዬ አፈሙዙን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ እይዛለሁ፣ ከዚያ እርሳሱን ላጲሱን ወደ ታች አድርጌ በርሜሉ ውስጥ እጨምራለሁ። ፊቴን ዞር አድርጌ ምላጩን ስስብ መርፌው ላጲሱን ይመታል፣ እርሳሱም ይዘላል። የዝላዩን ከፍታ ጤነኛ መሆኑን ከማውቀው ሽጉጥ ጋር አነጻጽራለሁ።

የአዛውንቱን ሪቮልቨር ከነሙጫው ስሞክረው እርሳሱ ከአፈሙዙ ብቅ አለና ተመልሶ ገባ። ካጸዳሁት በኋላ ዘሎ ኮርኒሱን ነካ። አባባ እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ዘይቱን ግን፣ ልጄ፣ ለባለቤቴ ምን ልበላት? በጠርሙስ ሞልታ አስቀምጣዋለች።»

«ለወጥ ነው ይበሏት» አልኳቸው።