የሐዋርያትን ሥራ በስፌት ቤት እንዴት እንደማነበው

ጅማ ውስጥ፣ ከሒርማታ ገበያ ብዙም በማይርቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት የስፌት መኪና አለኝ። አንዷ በእግር የምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር ስትሆን መብራት ሲጠፋ የምታሠራኝ እሷ ናት። በየዓመቱ የሰኔ ጾም ሲገባ ከመሳቢያዋ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣና የሐዋርያትን ሥራ 28ቱንም ምዕራፍ አነባለሁ። ጾሙ የሐዋርያት ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምረን እስከ ሐምሌ 5፣ እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ እንጾመዋለን። ዓመት ቆጥሬ ስጾመው ግን ታሪካቸውን አላውቀውም ነበር። በቅዳሴ ንፍቁ ካህን፣ ረዳቱ ቄስ ማለት ነው፣ ይህንኑ መጽሐፍ «ግብረ ሐዋርያት» ብሎ ሲያነብ ቆሜ እሰማለሁ፤ ቤቴ ስደርስ በእጄ የቀረ ነገር የለም። አሁን ትንሽ ትንሽ ይቀርልኛል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሥራ በዝቶባት ማንበብ ያቃታት እህት ትኖር ይሆናልና።

መጀመሪያ ሰዓት ያዙ። በመጽሐፉ ያሉት ሰዓቶች የእኛው ሰዓቶች ናቸው፤ ከፀሐይ መውጫ ነው የሚቆጠሩት። መንፈስ ቅዱስ በወረደ ቀን ሕዝቡ «ሰክረዋል» ሲል ጴጥሮስ ገና ሦስት ሰዓት መሆኑን ነገራቸው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት ነበር። እኔ ስድስት ሰዓትን መርጫለሁ፤ ገበያተኛው ለምሳ ሲበተን በረንዳዬ ጸጥ ይላል። ጴጥሮስም በኢዮጴ ከተማ ሊጸልይ ሰገነት ላይ የወጣው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ተርቦ እንደ ነበር የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ ሳይጽፍ አላለፈም። በጾም ቀን፣ ሆድ በሚጮህበት ሰዓት፣ ይህን ማንበብ ያበረታል።

ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ራሴን ለመስማት ስል እጮኻለሁ፤ ያን ጊዜ ቃሉ የበለጠ ይገባኛል። ምዕራፉን ሁሉ አትያዙ። አንድ ሰው አንድ ነገር ያደረገበትን ቦታ ብቻ ያዙ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከምዕራፍ 1 አትነሡ፤ ከምዕራፍ 9 ቁጥር 36 ጀምሩ። እዚያ ጣቢታ አለች። በኢዮጴ የነበረች ደቀ መዝሙር ናት፤ ታማ ሞተች፤ ጴጥሮስን አስጠሩት። ሲደርስ መበለቶቹ ከበቡትና እያለቀሱ ጣቢታ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች አሳዩት። ልብስ ሰፊ ስለሆንሁ ይህን ቦታ በቀላሉ አላልፈውም። ስለ እርሷ የተናገረ ሰው አልነበረም፣ ልብሱ ነው የተናገረው። ትንሣኤዋ በጴጥሮስ ጸሎት የመጣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ እኔ ሙት አላስነሣም። ልብሱ ግን በእኔም እጅ ይሠራል። ስለዚህ በየታሪኩ ከተአምሩ አጠገብ ያለውን፣ የሰው እጅ የሠራውን ነገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የዕለቱ ትምህርቴ እዚያ ነው ያለው።

ያገኛችሁትን በደብተር ላይ በአንድ መስመር ጻፉ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ እኔ ዛሬ ምን አደርጋለሁ። «ለድሆች እራራለሁ» ብላችሁ አትጻፉ። እኔ እንዲህ እየጻፍሁ ሁለት ጾም ሙሉ ምንም ሳላደርግ አሳልፌያለሁ። «በቤተ ክርስቲያኑ በር የምትቀመጠውን እናት የተቀደደ ነጠላ ተቀብዬ እዘመዝማለሁ» ብዬ ስጽፍ ግን እስከ ማታ ይደርሳል። ማታ ድረስ የማይደርስ ከሆነ ከልክ በላይ ሰፍቷል ማለት ነው፤ እንደ ጨርቅ መልሳችሁ ቁረጡት።

እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ የሚዘልላት አንዲት ቁጥር አለች። ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን የተቀመጠው ስምዖን ከሚባል ቁርበት ፋቂ ቤት ነው። በአይሁድ ሕግ የሞተ እንስሳ የነካ ሰው ይረክሳል፤ የፋቂ ሥራ ደግሞ ከበድን ጋር ነው። በእኛስ አገር «ፋቂ» ስድብ አልነበረምን? እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ድስት ትገዛ ነበር፤ ቤታቸው ገብታ ቡና ስትጠጣ ግን አላየኋትም። እኔም ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ከምትመጣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ለዓመታት ስገዛ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አብሬያት አልተቀመጥሁም። ጴጥሮስ ስለ ርኩስና ንጹሕ ራእዩን ያየው፣ ከዚያም አይሁዳዊ ወዳልሆነው የመቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት የሄደው፣ ከዚህ ፋቂ ቤት ተነሥቶ መሆኑን ሳስተውል ልቤ ተነካ። የዚያን ቀን በደብተሬ ላይ «ቤቷ ሄጄ ቡና እጠጣለሁ» ብዬ ጻፍሁ። በሳምንቱ ሄድሁ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ተቀምጫለሁ። ሲኒውን ስትሰጠኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእኔም።

ቀጥሎ ምዕራፍ 6ን አንብቡ፤ ማኅበር ወይም ዕድር ያላችሁ ደግሞ ደጋግማችሁ። በኢየሩሳሌም በየዕለቱ በሚሰጠው ምግብ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘለሉ፤ ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም እዩት፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። እኔ የሚገባኝ፣ ሥራውን ለተዘለሉት ወገኖች አደራ እንደ ሰጡ ነው።

በእኛም ማኅበር ይህ ደርሷል። ለፋሲካ ልብስ ስናድል ስም የምንጠራው በአማርኛ ብቻ፣ ያውም ከአዳራሽ ውስጥ ሆነን ነበር። ከዳውሮና ከከፋ የመጡ፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰሙም እናቶች ውጭ ቆመው ስማቸው አለፈ። ሲያጉረመርሙ ከእኛ መካከል የተቆጡ ነበሩ፤ አንዷ እኔ ነበርሁ፤ «ደክመን ሰፍተን ደግሞ እንከሰስ?» ብያለሁ። ምዕራፍ 6ን ያነበብሁት በቀጣዩ ሰኔ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡ ከእነርሱው መካከል ለሁለት ሴቶች ይሰጥ ብዬ ተናገርሁ፤ ተሰጠ። ቅሬታ ሲመጣባችሁ «ማን ነው የሚያጉረመርመው?» ከማለት በፊት «ማን ተዘለለ?» በሉ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። በምዕራፍ 15 መጨረሻ ላይ ጳውሎስና በርናባስ ተጣልተዋል። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ቀድሞ በጵንፍልያ ጥሏቸው ተመልሶ ነበር፤ በርናባስ እንደገና ይዘነው እንሂድ ሲል ጳውሎስ አይሆንም አለ። ጠቡ ጠንቶ ተለያዩ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ በሌላ መንገድ። ቅዱሳን እንዲህ ይጣላሉ ወይ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ሸፋፍናችሁም አትለፉት። ሉቃስ የጻፈው እንድናነበው ነው።

እኔም አንዲት ለማጅ ነበረችኝ። ጳጉሜን ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያ ተከምሮ፣ ከወላጆች ቀብድ ተቀብዬ ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት ሳትነግረኝ ቀረች። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ሰፋሁ፤ እንዲያም ሆኖ የአንዳንዱ ልጅ ልብስ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው የደረሰው። ወር ሳይሞላ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች፤ አልተቀበልኋትም። አብራኝ የምትሠራው የባለቤቴ እህት «ልጅ ናት፣ መልሻት» ብትለኝ እምቢ አልሁ። እሷም አንዱን መኪና ይዛ ወጥታ ከልጅቷ ጋር ሌላ በረንዳ ተከራየች። አራት ዓመት ሰላምታችን የቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ጠብ ያላችሁ ሰዎች፣ ምዕራፍ 15ን አንብባችሁ አታቁሙ። እዚያው ቀን ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ደብዳቤ፣ ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4ን፣ ክፈቱ። ጳውሎስ ታስሯል፤ ብዙዎች ትተውታል፤ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ በጢሮአዳ ከተማ የተወውን በርኖስ እንዲያመጡለት ይለምናል፤ ክረምትም ሳይገባ ና ይላል። በርዶት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ አለቀስሁ። ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ የኖረ ሰው በእርጅናው በርኖሱንና ያን ያባረረውን ልጅ በአንድ ደብዳቤ ጠየቀ። እኔ የዚያን ዕለት በደብተሬ የጻፍሁት መስመር አጭር ነው፦ «ቁልፍ መትከሉን ለልጅቷ መስጠት»። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሸሚዝ በፌስታል ይዤ ሄድሁና ሥራ በዝቶብኛል፣ ትረጂኛለሽ ወይ አልኋት። በእርግጥም በዝቶብኝ ነበር። «እሺ እትዬ» ብላ ተቀበለችኝ። ይቅርታ የጠየቅኋት ሸሚዙን ልወስድ ስመለስ ነው፤ መጀመሪያ ቀን አፌ አልተፈታም።

የማይገባችሁ ቦታ ይገጥማችኋል። መሬት ሸጠው ከዋጋው ደብቀው ስለ ዋሹ ወድቀው የሞቱት ባልና ሚስት፣ የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ፣ ምዕራፍ 5፣ እኔን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። እንዲህ ያለውን ለሌላ ሰው መምቻ አታድርጉት፤ ለንስሐ አባታችሁ አቆዩት። ያ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው የኢትዮጵያ ጃንደረባ እንኳ፣ የንግሥቲቱ የህንደኬ ሹም ሆኖ ሳለ፣ የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይገባኛል ብሎ ፊልጶስን አጠገቡ አስቀምጦታል።

የባሕሩን ጉዞ፣ ምዕራፍ 27ን፣ በአንድ ቀን አንብቡት፤ 276 ሰው የያዘ መርከብ በማዕበል መካከል ሳለ ጳውሎስ ሰዎቹን እህል ቅመሱ ብሎ እንደ ለመነ ልብ በሉ። ቤቱ ሐዘን ወይም ጭንቅ የገባበት ጎረቤት ካለ፣ በዚያን ቀን ይዛችሁ የምትሄዱት ምግብ ነው።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ለሐምሌ 4 አስቀሩት። ጳውሎስ በሮም በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀመጠ፤ ወደ እርሱ የሚመጡትንም ሁሉ ይቀበል ነበር። እኔም የበረንዳዬን ኪራይ ወር በወር እከፍላለሁ። ባለፈው ዓመት ይህን ባነበብሁ ቀን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ገዝቼ ከሲንጀሯ ጎን አስቀመጥሁ። ለደንበኛ አይደለችም፤ ደንበኛ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ዛሬ ጠዋት ዝናብ ያባረራት የጫት ሻጯ ሴትዮ፣ ሙስሊም ጎረቤቴ፣ ተቀምጣባት ነበር፤ ልጇ ስለ ታመመባት እስከ ስድስት ሰዓት አወራን።