አሮጌ የናፍጣ አውቶቡስ ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ስትገጥሙ

ማጣሪያ የታመመ ሞተር አያድንም። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝሉ የሚያንጠባጥብ ወይም የፒስተን ፋሻው (ቀለበቱ) ያለቀ ሞተር ላይ ከተገጠመ ቶሎ ይደፈናል። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ የዘይቱ አመድ ደግሞ እንደ ጥላሸት ተቃጥሎ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን አሠሩ፣ ከዚያም አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ተጠቀሙ።

ማጣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት የጭሱን ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ከቱርቦው (በጭሱ ግፊት ዞሮ ወደ ሞተሩ አየር ከሚገፋው ክፍል) በኋላ ግጠሙና አውቶቡሱ በዘወትር መስመሩ ጥቂት ቀን ይሥራ። ይህን የሚዘል ገንዘቡን ያቃጥላል። ጥላሸት ያለ እገዛ ለመቃጠል 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ ፕላቲነም የተቀባ ማጣሪያ ግን ከ250 እስከ 400 ባለው ሙቀት ራሱን ያጸዳል፣ የናፍጣው ሰልፈር ዝቅተኛ እስከሆነ ድረስ። ቆም ሄድ እያለ የሚውል የከተማ አውቶቡስ እዚያም ላይደርስ ይችላል፤ ለእሱ ማሞቂያ ያለው ይሻላል።

ማጣሪያው በማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቦታ ይገባል፤ ወደ ሞተሩ በቀረበ ቁጥር ሙቀቱን ይይዛል። የማጣሪያውን መደፈን የሚያሳውቀውን የግፊት ሴንሰር ቀጭን ቱቦ ሳይታጠፍ ወደ ላይ አውጡት። ረግቦ ከተንጠለጠለ ውሃ ያቁርና ሴንሰሩ የተሳሳተ ግፊት ያነባል። የማስጠንቀቂያ መብራቱ ሾፌሩ ፊት ይሁን።

ማጣሪያውን ስታጸዱ በኮምፕሬሰር ሜዳ ላይ አትንፉት፤ ጥላሸቱ በቀጥታ ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ይገባል።