የወደቁ የሶፍትዌር ፍተሻዎችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዴት መለየት ይቻላል?

ባሕር ዳር ተቀምጦ ለጣና ጀልባዎች የትኬት መሸጫ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን አለ እንበል። መንገደኛው ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት ለመሻገር በስልኩ ትኬት ይቆርጣል፤ ሌሊት ደግሞ ኮምፒውተር ራሱ ሶፍትዌሩን ይፈትሻል። ጠዋት 70 ፍተሻ ወድቆ ቢገኝ 70 ጥፋት አለ ማለት አይደለም። ዳታቤዙ (የመረጃ ማከማቻው) ለአፍታ በመቋረጡ ብቻ ስልሳው ወድቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ማበጠር ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊሰጥ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ።

መጀመሪያ የውድቀቱን ምክንያት የሚለዩ መደቦችን ይወስኑ። አራት ይበቃሉ፦ የሶፍትዌሩ ጥፋት፣ የፍተሻው የራሱ ጥፋት፣ የመብራት ወይም የኔትወርክ ወይም የሰርቨር ችግር፣ እንዲሁም ኮዱ ሳይነካ አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ወላዋይ ፍተሻ። በእነዚህ ላይ «አልታወቀም» የሚል መደብ ይጨምሩ። ይህ መውጫ ያልተሰጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ባያውቅም አንዱን ይመርጣል፤ ያውም በሙሉ ልብ።

ቀጥሎ መረጃ ያሰባስቡ። ብዙዎቹ የፍተሻ መሣሪያዎች ውጤታቸውን በጁኒት ኤክስኤምኤል (JUnit XML) በሚባለው የተለመደ የውጤት መመዝገቢያ ፋይል ማውጣት ይችላሉ። ከዚያ የስህተቱን መልእክትና ስህተቱ የተነሣበትን የኮድ መስመር ይውሰዱ፤ በቅርቡ የተቀየረውን ኮድና የፍተሻውን የቀድሞ ውጤቶች ያክሉበት። የመንገደኛ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ከሎጉ (ሶፍትዌሩ ሲሠራ የሆነውን ከሚመዘግብበት ፋይል) ሳይወጡ ወደ ውጭ አገልግሎት አይላኩ።

ቀጣዩ ሥራ ሞዴል አያስፈልገውም። ከመልእክቶቹ ውስጥ ሰዓቱንና የትኬት ቁጥሩን በአንድ ምልክት ይተኩ፤ ከዚያ ተመሳሳይ የሆኑትን በተራ ፕሮግራም ያቧድኑ። ሰባው ወደ ጥቂት ቡድኖች ይወርዳል፤ ለሞዴሉ ከየቡድኑ አንድ ናሙና መላክ ይበቃል። ይህን ዘልሎ ሁሉን መላክ ገንዘብ ማባከን ነው።

ለሞዴሉ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ይሁን፦ «ከመደቦቹ አንዱን ምረጥ፤ ማስረጃ የሆነህን መስመር ከሎጉ እንዳለ ጥቀስ፤ ካጣህ አልታወቀም በል።» የተጠቀሰው መስመር በእርግጥ በሎጉ ውስጥ መኖሩን ሌላ ፕሮግራም ያጣራ፤ ከሌለ መልሱ ይጣል። ሞዴሉ ስለ ራሱ የሚናገረውን የእርግጠኝነት መቶኛ እኔ ብዙም አላምነውም።

አደጋው ያለው «ወላዋይ» በሚለው መደብ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገለጸው ከፍተሻዎቹ 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በተወሰነ ደረጃ ወላዋይ ነበሩ፤ ከማለፍ ወደ መውደቅ ከተደረጉት ለውጦች ደግሞ 84 በመቶው ወላዋይ ፍተሻ ነበረባቸው። እንዲህ ባለ ቤት ሁሉን «ወላዋይ» የሚል ሰነፍ መዳቢም ጥሩ ነጥብ ያገኛል።

አሁን የእኛን ጀልባ እንይ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት ቢሠራ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ለእሱ ገና ትናንት ነው። በዚያ ሰዓት የሚካሄድ ፍተሻ ይወድቃል፣ ቀን ሲደገም ያልፋል። ሞዴሉም «ወላዋይ» ይላል። ጥፋቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ሊነጋ ላለው ቀን ትኬት የሚቆርጥ መንገደኛ የትናንቱ ቀን ይጻፍለታል። ጳጉሜንም እንዲሁ ነው። ስድስተኛዋን ቀን የዘነጋ ኮድ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ይወድቃል፤ በማግስቱ ፍተሻው ስለሚያልፍ ጉዳዩ ይረሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር ሰዓቱንና የኢትዮጵያን ቀን ይላኩ፤ በትእዛዙም ውስጥ የሰዓት አቆጣጠራችንን፣ 13ኛውን ወርና እንደ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ያሉትን ሞክሼ ፊደላት ያስረዱ።

ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ሰው የመደባቸውን የቆዩ ውድቀቶች ለሞዴሉ ይስጡና ይመዝኑት። ከጠቅላላ ነጥቡ ይልቅ ስንት እውነተኛ ጥፋት «ወላዋይ» ብሎ እንዳሳለፈ ይቁጠሩ። ሞዴሉ የሰውን የሥራ ወረፋ ያስተካክል እንጂ ፍተሻ የመዝጋት ሥልጣን አይኑረው። ፕሮግራመሩ የሚያርመውን ምደባ ሁሉ ያስቀምጡ፤ ሞዴሉ ወይም ትእዛዙ በተቀየረ ቁጥር ምዘናው በእነዚያው እርማቶች ይደገማል።