ሳጥኑ ወርቅ አልይዝ ሲል

ኮምቦልቻ ውስጥ ብየዳ ቤት አለኝ። እንጀራዬ በርና መስኮት ነው። የወርቅ ማጠቢያ ሳጥን የለመድኩት ወደ ቤኒሻንጉል የሚወርዱ ልጆች ተጣሞ ተሰባብሮ ሲያመጡልኝ ነው። ስሉስ የሚባለውን ማለቴ ነው። ላሜራው እንደ አሸንዳ ይታጠፋል፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ በላይ አግዳሚ ብረቶች። አፈሩ ላዩ ላይ ይጨመራል፣ በሞተር የሚገፋ ውሃ ያጥበዋል፣ ወርቁ ምንጣፉ ላይ ይቀራል። ሞተሩ ቤንዚን መኖሩን፣ ቱቦው አለመፈታቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ችግር፦ ቀኑን ሙሉ አጥበን ምንጣፉ ባዶ

ወደኔ ከሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። መጀመሪያ ከሳጥኑ ጭራ የሚወድቀውን አሸዋ በገበቴ እጠቡት። እዚያም ወርቅ ከሌለ አፈሩ ባዶ ነው፤ ብየዳ ቤት አትምጡ። ጭራው ላይ ወርቅ ካለ ግን ሳጥኑ እያሳሳቀ እየወሰደባችሁ ነው።

ምክንያቱ ጥቁር አሸዋ ነው። የወሎ ልጅ ይሄን መማር የለበትም፤ ተራራችን ባዛልት ነው፣ ወንዛችን የሚያወርደው አሸዋ ብረት አለበት። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ቦርከና ዳር አሸዋው ላይ ጎትቱ። ወዲያው ጥቁር ጢም ያበቅላል። ቤኒሻንጉልም ብትሄዱ ያው ነው፤ ወርቅ ባለበት ብዙ ጊዜ ጥቁር አሸዋ አይጠፋም። ተራ አሸዋ ከውሃ 2.6 እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ብረታማው 5 እጥፍ፣ ወርቅ 19 እጥፍ። ውሃው ተራውን ይወስድና ጥቁሩን ይተወዋል። ከአግዳሚው ጀርባ ውሃው መሽከርከር፣ አሸዋውም መጨፈር አለበት። ጭፈራው ከቆመ ጥቁሩ አሸዋ እንደ ሲሚንቶ ተጠቅጥቋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወርቅ አስፋልት እንዳገኘ መኪና ላዩ ላይ ይነዳል።

አንድ ቀን ሦስት ልጆች ሳጥናቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው መጡ። ከመውረዳቸው አንደኛው፣ «ጋሼ፣ የሰራህልን ሳጥን ሌባ ነው» አለኝ።

«አብሽር፣ ሌባውን እንይዘዋለን» አልኩት።

ጎሚስታ ቤት ሄጄ ለጎማ ሚዛን የሚለጠፈውን አሮጌ እርሳስ ለመንኩ። በቢላ የሚቆረጠው ነው እርሳስ፤ አሁን አሁን የብረትም አለ፣ እሱ አይሆንም። ቆራርጬ በመዶሻ ጠፍጥፌ ሰሊጥ የሚያክሉ 10 ፍሬዎች አወጣሁ። እርሳስ ከወርቅ ስለሚቀል፣ እሱን የያዘ ሳጥን ያን የሚያክል ወርቅ አይለቅም። (ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እንዲሁ በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ዳቦ መቁረስ የለም።)

ቦርከና ወርደን፣ «እንደምትሰሩት ስሩ» አልኳቸው። ሳጥኑን ሜዳ ላይ እንዳለ አልጋ አጋደሙት። ለምን ስላቸው፣ «ካዘቀዘቀ ወርቁ ይሮጣል» አሉኝ። ከዚያ በአካፋ ሙሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ውሃው ሳይጨርሰው ሌላ። እርሳሶቹን መሃል ላይ ጣልኩ። ምንጣፉን ስናጥብ 4 ተገኙ።

ሁለተኛውን ዙር እኔ ሰራሁት። ውሃ ልክ አስቀምጬ ለ1 ሜትር ርዝመት 8 ሴንቲ ዝቅታ ሰጠሁት። ጥቁሩ ከበዛ እስከ 10 ሴንቲ ድረስ ውረዱ። ውሃው ከአግዳሚዎቹ በላይ 3 ሴንቲ ያህል እንዲቆም አደረግሁ። አፈሩን በ1 ሴንቲ ወንፊት ነፋሁት፤ ድንጋይ ሲንከባለል የተቀመጠውን ይቀሰቅሳልና። ከዚያ በግማሽ አካፋ፣ የመጀመሪያው ጥርት ሲል ሌላ። 9 ተገኙ። አስረኛዋ የራሴ ብየዳ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጣ ነበር። ያን ቀን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።

ምንጣፉን በቀን አንዴ ማጠብ ይበቃል የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። አትስሙት። ከአግዳሚው ጀርባ ያለው ቦታ ግማሹ በጥቁር አሸዋ ከሞላ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን፣ አቁሙና እጠቡ። ምንጣፉን ከማንሳታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ። ከማንሳታችሁ በፊት! ውሃ እየሄደ ምንጣፍ አንስቶ የቀኑን ልፋት ለወንዝ የመለሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ችግር፦ ዝቅታው ልክ ነው፣ አሁንም ይጠፋል

አግዳሚው ምንጣፉን አልነካም ማለት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ስስ ላሜራ ቶሎ ይጣመማል፣ አግዳሚው ይነሳል፣ ውሃው በስሩ ሾልኮ ምንጣፉን ይጠርገዋል። የመቶ ብር ኖት ከስሩ አስገቡ። ሳይያዝ ተንሸራቶ ካለፈ ወርቁም ያልፋል። መቆለፊያውን አጥብቁ፤ ካልሆነ አግዳሚውን በአንጎላሬ (በማዕዘን ብረት) አስቀይሩ። ርካሽ ገዝቶ እኔ ጋ መጥቶ ስለ ዋጋ የሚከራከር ሰው ደሜን ያፈላዋል።

ችግር፦ ጭራው ላይ የጭቃ ድቡልቡል

ጭቃው ሲንከባለል የተያዘውን ወርቅ ለጥፎ ይዞ ይወጣል። አፈሩን በባልዲ ዘፍዝፋችሁ በእጅ ፍቱት።

ችግር፦ ደቃቁ ወርቅ ይንሳፈፋል

ቅባት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሞተር ዘይት። ገበቴው ውስጥ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና።

ችግር፦ ሞተሩ ይጮሃል፣ ውሃ የለም

የመሳቢያ ቱቦው መጋጠሚያ አየር ያስገባል። ሞተሩ እየሰራ መጋጠሚያው ላይ ውሃ አፍስሱ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ 8 ሜትር ይስባል የሚለውን እርሱት፣ እሱ ለባህር ጠረፍ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ፣ 2,500 ሜትር ግድም፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከ5 ሜትር በላይ አትመኑት። ሞተሩም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ፓምፑን ወደ ውሃው አስጠጉ፣ በሚገፋው በኩል ቱቦ አስረዝሙ።

መጨረሻ ላይ የቀረውን ጥቁር አሸዋ ካደረቃችሁ በኋላ በማግኔት ለዩት። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልሉ፤ ፌስታሉን ስታወጡት አሸዋው ይራገፋል። ይሄን ሁለቴ አድርጉ፣ የመጀመሪያው ዙር ወርቅ አፍኖ ይይዛል። ወርቁን ለመለየት ባዜቃ (ሜርኩሪ) ጨምሮ ምድጃ ላይ የሚያተን ካለ ከቤት አስወጡት። ጭሱ መርዝ ነው፣ ሽታም የለው፣ ሕፃናት አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እንዲህ የተደረገበት መጥበሻ ይበየድልኝ ብሎ የመጣ ሰው ነበር። ከደጅ መለስኩት።