የፈረስን ሳንባ የሚጎዱ የጋጣ ስህተቶች

ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ አየር የሚያገኘው በአፍንጫው ብቻ ነው። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል። ጋጣው አቧራማ ከሆነ ያ አቧራ ቀን ከሌት ወደ ሳንባው ይገባል። የሚያሳዝነው፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን የሚያደርሱት ለፈረሳቸው የሚሳሱ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያውና በእኔ እይታ የከፋው ስህተት ብርድ እንዳይነካው ብሎ በርና መስኮት መጠርቀም ነው። የበረደው ባለቤቱ እንጂ ፈረሱ አይደለም። ጤነኛ ፈረስ ገላው ደረቅ ከሆነና ድርቆሽ ካልጎደለበት ብርድን ከሰው በተሻለ ይቋቋማል። በታፈነ ጋጣ ግን እርጥበቱም የሻጋታው ብናኝም መውጫ ያጣሉ። ጠዋት ግድግዳው ላይ የውሃ ጤዛ ካዩ አየሩ እየተንቀሳቀሰ አይደለም። ፈረሱን በቀጥታ የሚመታውን ነፋስ ይከልሉ፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን የአየር መውጫ ግን አይድፈኑ።

ሁለተኛው፣ ቆሞ አሽትቶ «ጋጣው ንጹሕ ነው» ማለት ነው። ሽንት ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ የመተንፈሻ ቧንቧን ይቆጠቁጣል፤ ፈረሱ ደግሞ የሚተኛውም የሚለቃቅመውም እዚያው ወለሉ ላይ ነው። እስቲ ቁጢጥ ብለው ያሽትቱ። በረጠበው ጉዝጓዝ ላይ አዲስ ጭድ መበተን ችግሩን መሸፈን እንጂ ማጽዳት አይደለም።

ሲጠርጉና ጉዝጓዝ ሲያራግፉ ፈረሱን ያውጡት። አቧራው ሳይረጋም አይመልሱት።

ስለ ድርቆሽ ብዙ የሚባል አለ። ከጋጣው በላይ ባለ ቆጥ ላይ ማከማቸት ቦታ ይቆጥባል፤ ብናኙ ግን ቁልቁል ፈረሱ ላይ ይዘንባል። አረንጓዴና ጥሩ ሽታ ያለው ድርቆሽም ቢሆን ከአቧራ ነጻ አይደለም፤ ለሚያስለው ፈረስ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው ሳይደርቅ ይስጡት። ለረጅም ሰዓት መዘፍዘፍ ንጥረ ነገሩን አጥቦ ይወስዳል። የሻገተውን ግን ውሃ አያድነውምና ይጣሉት። መኖውን ከፍ አድርጎ መስቀልም አይመከርም፤ ፈረስ አክታውን ከሳንባው የሚያወርደው አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ነው። በረጅም ጉዞ ራሱን ቀና አድርገው አስረው የሚያጓጉዙት ፈረስ ለሳንባ ምች የሚጋለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ፣ «ሥራ ሲጀምር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚስለው» የሚለው ማጽናኛ አለ። ፈረስ በቀላሉ የሚስል እንስሳ አይደለም፤ ጥቂት ሳልም የአስም ጅማሬ ሊሆን ይችላል። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ብግነቱን ያበርዳል፤ አቧራው ካልተነሣ ግን ሕመሙ ይመለሳል። ሥራ ሳይሠራ ቆሞ እያለ አፍንጫው ከተነፋና ሆዱ እየተገፋ ከተነፈሰ ሐኪም ለመጥራት አይዘግዩ። የሙቀቱ መጠን ከ38.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ተላላፊ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ እስኪደርስ ከሌሎቹ ይለዩት፤ የውሃ ባልዲውንም ለብቻው ያድርጉለት።