የሴሉሎስ ቃጫን በካኦሊን አልብሶ በቀላሉ የሚፈታ መጣጭ ፐልፕ ማዘጋጀት

በደሴና በኮምቦልቻ ፈሳሽ መጣጭ ንጣፍ በአነስተኛ መጠን ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር ደርቆ የጠጠረ ፐልፕ (ከተክል የተለየ የሴሉሎስ ቃጫ) ነው። እርጥብ የሴሉሎስ ቃጫዎች ሲደርቁ በሃይድሮጂን ትስስር እርስ በርስ ስለሚያያዙ ሉሁ እንደ ካርቶን ይጠነክራል፤ በኃይል ሲፈታም ቃጫው ይቆራረጣል። በመካከላቸው እንደ ካኦሊን (ነጭ ሸክላ) ያለ ደቃቅ ማዕድን ከገባ ግን የሚነካኩበት ቦታ ስለሚቀንስ፣ ሉሁ ለባዘቶ እንደሚነደፍ ጥጥ ይፍታታል።

ለሙከራ 100 ግራም ደረቅ፣ የነጣ ፐልፕ በ5 ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ጓጉሉ እስኪጠፋ ይማሰል። በሌላ ዕቃ 5 ግራም የተጣራ ካኦሊን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጥበጥ። ከሜዳ የተቆፈረ ነጭ አፈር አሸዋና ጀርም ስለሚይዝ አይተካውም። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ፣ ሲመዘን አፍና አፍንጫን መሸፈን ግድ ነው።

ብጥብጡ ከፐልፑ ጋር 10 ደቂቃ ያህል ከተማሰለ በኋላ ዋናው እርምጃ ይመጣል። ቃጫውም ካኦሊኑም በውሃ ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ የሚያስታርቃቸው አዎንታዊ ሙል ያለው ነገር ነው። ለዚህም ውሃ ለማጣራት የሚያገለግለውን አልሙኒየም ሰልፌት በውሃ አሟሙቶ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5 አካባቢ እስኪደርስ እያማሰሉ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት በአሲድ ስለሚሟሟ በዚህ መንገድ አይሠራበትም።

ከዚያ ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ማየት ያሻል። ቃጫው ከዘቀጠ በኋላ ውሃው ወተት መስሎ ከቀረ ማዕድኑ አልተያዘም፤ ውሃው ጠርቶ ከሥር ነጭ ደለል ለብቻው ከረጋም ካኦሊኑ እርስ በርሱ ተጣብቋል ማለት ነውና፣ በሚቀጥለው ሙከራ አልሙኒየም ሰልፌቱን ይበልጥ አቅጥኖ ቀስ ብሎ መጨመር ይገባል። ይህን ምልከታ የሚዘል ሰው ማዕድኑን ከፍሳሹ ጋር ይደፋዋል።

ፐልፑ በወንፊት ተጠልሎ በለስላሳው ይጨመቅ፤ ብርቱ ጭመቃ ቃጫዎቹን መልሶ ያቀራርባልና። በክረምት ከደሴ ጉም ይልቅ ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ለማድረቅ ትመቻለች።

ማዕድን ያልገባበት ሌላ 100 ግራም ፐልፕም በተመሳሳይ መንገድ ይዘጋጅ። ሁለቱን ሉሆች በእጅ ቀዶ ማነጻጸር ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ቀጥሎ ከሁለቱም ከተፈታው ፐልፕ 10 10 ግራም ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አጠልሎ መመዘን ነው፤ ማዕድኑ ራሱ እንደ ቃጫው ውሃ ስለማይመጥ፣ መጠኑ ሲበዛ በግራም የሚያዘው ውሃ ይቀንሳል። በእኔ አስተያየት ከ5 ግራም ጀምሮ በጥቂቱ ከፍ እያሉ መሞከር ይሻላል። በላቦራቶሪ ንጽህናው ሳይረጋገጥ ግን ይህ ፐልፕ ሰውነት በሚነካ ንጣፍ ውስጥ መግባት የለበትም።